ጊት በየፑሹ የይለፍ ሐረግ ሲጠይቃችሁ

ከሰዓት በኋላ ነው። ድሬዳዋ በዚያ ሰዓት ምን እንደምትመስል የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሙቀቱ አናት ይበሳል። ግማሹ ከተማ በርጫ ላይ ነው። እኛ ከዚራ ያለችው ቢሯችን ውስጥ ማራገቢያውን ከፍተን ኮድ እንጽፋለን። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ሥራ ከጀመረች ወር አልሞላትም። ጎበዝ ናት። ግን በየአምስት ደቂቃው ትነጫነጫለች።

ዞር ብዬ አየኋት። ጊት የኮድ ለውጦችን የሚመዘግብ ፕሮግራም ነው፤ ፑል ለውጡን ከሰርቨር ያመጣል፣ ፑሽ ወደ ሰርቨር ይልካል። ጊት ፑል ትላለች፤ ተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) የይለፍ ሐረግ፣ ማለትም ረጅም ፓስወርድ፣ ይጠይቃታል። ሃያ ምናምን ፊደል ትጽፋለች። የምትጽፈው ስክሪኑ ላይ አይታይም፤ ኮከብ እንኳ የለም። አንድ ፊደል ትስታለች፤ እንደገና ይጠይቃታል። ይገባላታል። ሁለት መስመር አስተካክላ ጊት ፑሽ ትላለች። አሁንም ይጠይቃታል።

«አቦ በቃ! ላጠፋው ነው» አለች።

«ምኑን?»

«የይለፍ ሐረጉን ነዋ! ባዶ አደርገውና እገላገላለሁ። አንተ ጭራሽ የለህም እንዴ? ሲጠይቅህ አይቼ አላውቅም።»

«አለኝ። በቀን አንዴ ነው የምጽፈው።»

ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። ያን ቀን የነገርኳትን ነው እዚህ ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው። ምክንያቱም እሷ ልታደርገው የነበረውን ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ መፍትሔው ደግሞ የአስር ደቂቃ ሥራ ነው። ትእዛዞቹን በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ስትተይቡ በእንግሊዝኛው ትንንሽ ፊደል፣ ሰረዙንም ሳትዘሉ ነው። «ትልቁ» ያልኩበት ቦታ ብቻ ትልቁን ፊደል ተጠቀሙ።

መጀመሪያ፣ የሚጠይቃችሁ ማን ነው? ብዙ ሰው ኮዱ በኢንተርኔት የሚቀመጥበት ጊትሀብ ወይም ጊትላብ ይመስለዋል። አይደለም። የሚጠይቃችሁ የገዛ ላፕቶፓችሁ ነው። የይለፍ ሐረጉ ከላፕቶፓችሁ አይወጣም፤ በኢንተርኔት አይሄድም፤ ሰርቨሩም አያውቀውም። ለዚህ ነው ከረሳችሁት ማንም ሊያድስላችሁ የማይችለው። አዲስ ቁልፍ ከመሥራት በቀር መንገድ የለም።

ነገሩን በማህተም ላስረዳ። ጉዳይ ይዞ መሥሪያ ቤት ሄዶ የሚያውቅ ሰው ማህተም ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ደብዳቤው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ማህተም ካላረፈበት ወረቀት ነው። በኤስኤስኤች፣ ማለትም ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በምስጢር በሚያገናኘን ዘዴ፣ የግል ቁልፍ የምንለው ፋይል የእናንተ ማህተም ነው። ጊትሀብ ላይ የለጠፋችሁት ይፋዊ ቁልፍ ደግሞ የማህተሙ ናሙና ነው፤ ባንክ የፊርማ ናሙና እንደሚይዘው ማለት ነው። ፑሽ ስትሉ ላፕቶፓችሁ አንድ መልእክት አዘጋጅቶ በግል ቁልፉ ይፈርምበታል። ሰርቨሩ ፊርማውን ከናሙናው ጋር አስተያይቶ «አዎ፣ እሱ ነው» ይላል። ከጎማ ማህተም የሚለይበት ነገር አለ። ናሙናውን አይቶ ማህተሙን መቅረጽ አይቻልም። ፊርማውም ለዚያች ግንኙነት ብቻ የተሰጠ ነው፤ አንዱ ደብዳቤ ላይ ያረፈውን ቀድቶ ሌላው ላይ መለጠፍ አይሠራም።

ይህ ዘዴ በችግር የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ታቱ ኢሎነን የሚባል ፊንላንዳዊ፣ ሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እያለ፣ አንድ ሰው የዩኒቨርሲቲውን ኔትወርክ አድፍጦ የሚያልፉትን ፓስወርዶች ይለቅም ነበር። በዚያ ዘመን ፓስወርድ በሽቦው ላይ ዕርቃኑን ነበር የሚሄደው። ኢሎነን ኤስኤስኤችን የጻፈው ይህን ለማስቆም ነው። ዛሬ አብዛኛው ዓለም የሚጠቀምበት ኦፕንኤስኤስኤች ደግሞ በ1999 ወጣ። ጊት ራሱ ከዚያ በኋላ፣ በ2005 ነው በሊነስ ቶርቫልድስ እጅ የተወለደው።

እንግዲህ ማህተሙ መሳቢያ ውስጥ ነው። መሳቢያው ደግሞ ተቆልፏል። የይለፍ ሐረጉ የመሳቢያው ቁልፍ ነው። የግል ቁልፉ ፋይል ዲስክ ላይ የተቀመጠው ተመስጥሮ ስለሆነ ፋይሉን የሰረቀ ሰው የማይነበብ ነገር ነው የሚያገኘው።

ታዲያ ለምን በየጊዜው ይጠይቃል? ጊት ራሱ ኤስኤስኤች አይናገርም። ፑል፣ ፑሽ፣ ፌች ባላችሁ ቁጥር ኤስኤስኤች የሚባለውን ፕሮግራም ይጠራዋል። ያ ፕሮግራም ይነሳል፣ መሳቢያውን ያስከፍታችኋል፣ ይፈርማል፣ ሥራው ሲያልቅ ይሞታል። ሲሞት የሰማውን ሁሉ ይዞ ይሞታል። ቀጥሎ የሚነሳው አዲስ ነው፤ ምንም አያስታውስም። ለእያንዳንዱ ደብዳቤ አዲስ ሠራተኛ ይቀጠራል እንደማለት ነው።

መፍትሔው ቋሚ ጸሐፊ መያዝ ነው። ጠዋት መሳቢያውን አንዴ ትከፍቱላታላችሁ። ማህተሙን ይዛ ትቀመጣለች። ደብዳቤ ሲመጣላት ታትማለች። ማህተሙን ግን ለማንም አሳልፋ አትሰጥም፤ «ወረቀቱን አምጣና ላትምልህ» ብቻ ነው የምትለው። ይህች ጸሐፊ ኤስኤስኤች-ኤጀንት ትባላለች። የተከፈተውን ቁልፍ ራም ላይ ትይዛለች፤ ዲስክ ላይ አትጽፈውም (ዊንዶውስ ላይ ይለያል፤ እመጣበታለሁ)። ማህተሙን የምታስረክቧት ደግሞ ኤስኤስኤች-አድ በሚለው ትእዛዝ ነው።

ከኦፕንኤስኤስኤች ጋር አብራ ስለምትመጣ የሚጫን ነገር የለም፤ የሚገዛም የለም። ብዙ ሰው ላፕቶፑ ውስጥ እያለችለት ነው በየቀኑ ሐረግ ሲጽፍ የሚውለው።

ከሊኑክስ ልጀምር፤ ሰው ብዙ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኡቡንቱ ከነዴስክቶፑ የምትጠቀሙ ከሆነ ኤጀንቷ ኮምፒውተሩ ውስጥ ስትገቡ አብራ ትነሳለች። ለማረጋገጥ ተርሚናል ከፍታችሁ ኤስኤስኤች-አድ ሰረዝ ኤል በሉ። ከሦስት መልስ አንዱን ታገኛላችሁ። የቁልፎች ዝርዝር ከመጣ ሁሉ ነገር ደህና ነው። «ዘ ኤጀንት ሃዝ ኖ አይደንቲቲስ» ካለ ጸሐፊዋ ወንበሯ ላይ አለች፣ ማህተሙ ግን አልተሰጣትም። ኤስኤስኤች-አድ ብላችሁ ኢንተር ስትመቱ ሐረጉን አንዴ ይጠይቅና ያበቃል። ቁልፋችሁ ከተለመደው ቦታ ወይም ስም ውጪ ከሆነ የፋይሉን አድራሻ ከትእዛዙ ኋላ ጨምሩ። ሦስተኛው መልስ «ኩድ ኖት ኦፕን ኤ ኮኔክሽን ቱ ዩር ኦተንቲኬሽን ኤጀንት» የሚለው ነው። ይህ ጸሐፊዋ የለችም፣ ወይም የት ክፍል እንደምትገኝ አልታወቀም ማለት ነው።

«የት ክፍል» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ኤጀንቷ ስትነሳ አድራሻዋን ትናገራለች። አድራሻው ኤስኤስኤች ኦውዝ ሶክ በሚባል ተለዋዋጭ ውስጥ ይቀመጣል። ጊት ሲጠራው ኤስኤስኤች ይህን አድራሻ አይቶ ነው የሚያንኳኳው። ልጅቷም መጀመሪያ የተደናገረችው እዚህ ነው። ኤስኤስኤች-ኤጀንት ብላ ጻፈች። ሁለት ሦስት መስመር ስክሪኑ ላይ ወጣ። «ይኸው ተነሳ» አለችኝ። ጊት ፑል ስትል ግን አሁንም ይጠይቃታል። ምን ሆነ? ኤጀንቷ በእርግጥ ተነስታለች። እነዚያ መስመሮች አድራሻዋ ነበሩ። ግን ስክሪን ላይ ታትመው ቀሩ እንጂ ተርሚናሉ አልመዘገባቸውም። ጸሐፊዋ ሥራ ገብታለች፤ የክፍሏን ቁጥር የያዘ ሰው የለም።

ትክክለኛው አጻጻፍ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ኢቫል፣ ክፍት ቦታ፣ የዶላር ምልክት፣ ከዚያ በቅንፍ ውስጥ ኤስኤስኤች-ኤጀንት ሰረዝ ኤስ። ኢቫል የሚለው «የተናገረችውን ስማና መዝግብ» እንደማለት ነው። ቀጥሎ ኤስኤስኤች-አድ።

ሌላም ወጥመድ አለ። በዚህ መንገድ የተመዘገበው አድራሻ የሚታወቀው እዚያው ተርሚናል ውስጥ ብቻ ነው። አዲስ ተርሚናል ስትከፍቱ አያውቃትም። አንዳንዱ ሰው ይህን ለማስተካከል የኢቫሉን መስመር ተርሚናል ሲከፈት የሚነበበው፣ ባሽ አርሲ የሚባለው ፋይል ውስጥ ይከተዋል። ያኔ ደግሞ ተርሚናል በተከፈተ ቁጥር አዲስ ጸሐፊ ይቀጠራል። አሥር ተርሚናል፣ አሥር ጸሐፊ፣ ለእያንዳንዷ አንዳንድ ጊዜ የይለፍ ሐረግ! ዴስክቶፕ በሌለው ማሽን ላይ፣ ወይም ዊንዶውስ ውስጥ ባለው ሊኑክስ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ኪቼይን የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ጫኑ። ሥራው አንዲት ጸሐፊ ብቻ እንድትኖርና አዲስ የሚከፈተው ተርሚናል ሁሉ የእሷን አድራሻ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። እኔ ዓመታት ተጠቅሜበታለሁ፤ አስከፍቶኝ አያውቅም።

አሁን ደግሞ በጣም የምወዳትን መስመር ልንገራችሁ። ከቤት ማህደራችሁ ውስጥ ነጥብ ኤስኤስኤች በሚለው ፎልደር ኮንፊግ የሚባል ፋይል አለ፤ ከሌለ ፍጠሩት። እዚያ ውስጥ አድ ኪስ ቱ ኤጀንት የሚለውን አራቱንም ቃል ገጥማችሁ፣ ከዚያ ክፍት ቦታ ትታችሁ የስ ብላችሁ ጻፉ። ይህ ከኦፕንኤስኤስኤች 7.2 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2016 ወዲህ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ኤስኤስኤች-አድን ማስታወስ የለባችሁም። በቀኑ የመጀመሪያ ፑል ላይ ሐረጉን ስትጽፉ ቁልፉ በራሱ ወደ ኤጀንቷ ይገባል። እስከ ማታ ሰላም ነው።

የማክ ተጠቃሚዎች አጭር ነው። ኮንፊጉ ውስጥ ከዚያችው መስመር ሥር ዩዝ ኪቼይን የስ ብላችሁ ጨምሩ፤ እዚህም ሁለቱ ቃላት ይገጥማሉ። ሐረጉ በማኩ የራሱ ካዝና ውስጥ ይቀመጣል፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ቢነሳም አይጠይቃችሁም። የማኩ ኪቼይን ከላይ ካልኩት የሊኑክስ ፕሮግራም ጋር ስሙ ይገጥም እንጂ ሌላ ነገር ነው።

ዊንዶውስ ላይ ኤጀንቷ አለች፣ ግን ተኝታ ነው የምትመጣው። ሰርቪስስ የሚለውን ከፍታችሁ ኦፕንኤስኤስኤች ኦተንቲኬሽን ኤጀንት የምትለዋን ፈልጉ። አነሳሷን አውቶማቲክ አድርጉ፤ ስታርት በሉ። ከዚያ ፓወርሼል ላይ ኤስኤስኤች-አድ። እዚህ ቁልፉ ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ሲከፈትም ይቆያል፤ በዊንዶውስ መግቢያችሁ ተመስጥሮ ነው የሚቀመጠው።

ይህን ሁሉ አድርገው «አሁንም ይጠይቀኛል» የሚሉኝ አሉ። ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው። የዊንዶውሱ ጊት ሲጫን የራሱን ኤስኤስኤች ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ኤስኤስኤች አለ። ቁልፉን የሰጣችሁት ለዊንዶውሱ ጸሐፊ ነው፤ ጊት ደግሞ የሚልከው የራሱን ሠራተኛ ነው፤ እሱ እሷን አያውቃትም። ጊትን «የዊንዶውሱን ተጠቀም» ማለት ያስፈልጋል። በጊት ኮንፊግ ሰረዝ ሰረዝ ግሎባል፣ ኮር ነጥብ ኤስኤስኤችኮማንድ የሚለውን፣ ዊንዶውስ ፎልደር ሥር ሲስተም32 ውስጥ፣ ኦፕንኤስኤስኤች ፎልደር ውስጥ ወዳለው የኤስኤስኤች ፕሮግራም አመልክቱት። ጊትን አዲስ እየጫናችሁ ከሆነ ደግሞ ጫኙ ራሱ የትኛውን ኤስኤስኤች ልጠቀም ብሎ ይጠይቃል፤ የውጭውን ምረጡ።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ችግሩ ጭራሽ ከኤስኤስኤች ጋር አይገናኝም። የሚመጣውን ጥያቄ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። «ኢንተር ፓስፍሬዝ ፎር ኪ» ካለ እስካሁን ያወራንበት ነው። ዩዘርኔም እና ፓስወርድ ከጠየቀ ግን ሪፖዚተሪውን (የኮዱን ማከማቻ) የያዛችሁት በኤስኤስኤች ሳይሆን ድረ ገጾች በሚጠቀሙበት መንገድ፣ በኤችቲቲፒኤስ ነው፤ ኤጀንቷ አንድ ሺህ ቁልፍ ብትይዝ አይጠቅማችሁም። ጊት ሪሞት ሰረዝ ቪ ብላችሁ አድራሻውን እዩ። በኤችቲቲፒኤስ ከጀመረ አድራሻውን በጊት ሪሞት ሴት-ዩአርኤል ወደ ኤስኤስኤች ለውጡት። ጊትሀብ ከነሐሴ 13 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኤችቲቲፒኤስ ለሚገባ ጊት የአካውንት ፓስወርድ አይቀበልም። ትክክለኛውን ፓስወርድ አሥር ጊዜ ቢጽፉም አይገባም። ስንት ሰው እዚህ ላይ ግማሽ ቀኑን አጥፍቷል! ሦስተኛው ዓይነት ጥያቄ የሰርቨሩን ስም ጠርቶ ፓስወርድ የሚለው ነው። ያ የሚመጣው ሰርቨሩ ቁልፋችሁን ሳይቀበል ሲቀር ነው። ናሙናው እዚያ መለጠፉን አረጋግጡ።

ወደ ልጅቷ ጥያቄ ልመለስ። ሐረጉን ባዶ ማድረግ ምን ክፋት አለው?

ከሁለት ዓመት በፊት ከድሬ ወደ ሐረር በሚኒባስ እየሄድኩ ነበር። መንገዱ ከሃምሳ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ደንገጎን ወጥተህ ንፋሱ ሲቀዘቅዝ እንቅልፍ ይጥልሃል። ሐረር መናኸሪያ ስደርስ ከእንቅልፌ ብንን ብዬ ወረድኩ። ቦርሳዬ መኪናው ውስጥ ቀረ። ላፕቶፑ ከነቻርጀሩ። ትዝ ሲለኝ ሚኒባሷ የለችም። ላፕቶፑ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ያን ጊዜ ያዘንኩት ለላፕቶፑ ነው እንጂ ለደንበኞቻችን ሰርቨር አልነበረም። የኮምፒውተሩ መግቢያ ፓስወርድ ብቻውን ብዙ አያድንም፤ ዲስኩ ካልተመሰጠረ ነቅሎ ሌላ ማሽን ላይ መሰካት ነው፣ ፋይሉ ሁሉ ይነበባል። የግል ቁልፌ ግን ሐረግ ነበረው። ሐረር እንዳለሁ ስልኬን አውጥቼ ይፋዊ ቁልፌን ከአካውንቴ ሰረዝኩ። ቢሮ ደውዬ ከሰርቨሮቹም አስነሳሁት። አንድ ሰዓት አልፈጀም። ያቺን አንድ ሰዓት የሰጠኝ የይለፍ ሐረጉ ነው። ባዶ ቢሆን ኖሮ ቦርሳውን ያነሳው ሰው ገና ደንገጎን ሳይወርድ እኔን ሆኖ መግባት ይችል ነበር።

ስለዚህ ሐረጉ ይኑር፤ ጠንካራም ይሁን። በቀን አንዴ ብቻ የምትጽፉት ከሆነ ረጅም ማድረግ አያስከፋም። እኛ ድሬዎች ለዚህ ዕድለኞች ነን። አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ሶማሊኛው በአንድ ወሬ ውስጥ ይቀላቀላል። ከየቋንቋው የማይገናኙ አራት አምስት ቃላት አንሱና በላቲን ፊደል ጻፏቸው። ተረትና ምሳሌ ወይም የዘፈን ስንኝ አይሁን፤ እሱን ሌላውም ያውቀዋል። በግዕዝ ፊደል መጻፉን ግን አልመክርም። የአማርኛ ኪቦርድ ያልተጫነበት ማሽን ላይ ስትደርሱ ውጪ ትቀራላችሁ።

ሐረግ የሌለው ቁልፍ ያላችሁ ዛሬውኑ መጨመር ትችላላችሁ፦ ኤስኤስኤች-ኪጅን ሰረዝ ፒ። ቁልፉ ያው ቁልፍ ነው፤ የተለወጠው የመሳቢያው መቆለፊያ ብቻ ነው። ጊትሀብ ላይ የምትነኩት ነገር የለም። ይህች ትእዛዝ ሌላም ጥቅም አላት። ከ2018 በፊት የተሠሩ ብዙ ቁልፎች በአሮጌው ፎርማት የተቀመጡ ናቸው፤ የእሱ መቆለፊያ ደካማ ነው። አዲሱ ፎርማት ግን ሐረግ እየገመተ የሚሞክረውን ሰው ሆን ብሎ ያዘገያል። የፋይሉን የመጀመሪያ መስመር እዩ። ቢጊን ኦፕንኤስኤስኤች ካለ አዲሱ ነው። ቢጊን አርኤስኤ ካለ ሰረዝ ፒን አሂዱበት፤ በአዲሱ ይጽፍላችኋል።

ጸሐፊዋንም ቢሆን ልጓም ያስፈልጋታል። ማህተሙን ይዛ ቢሮው ተከፍቶ እናንተ ማኪያቶ ልትጠጡ ከወጣችሁ፣ የገባው ሰው ሁሉ ደብዳቤ ያሳትማል። ስትነሱ ስክሪኑን ቆልፉ። ሊኑክስና ማክ ላይ ኤስኤስኤች-አድ ሰረዝ ቲ ብላችሁ የሰዓት ልክ መስጠት ይቻላል፤ 8ኤች ካላችሁ ቁልፉን ለስምንት ሰዓት ያህል ይዛ ትጥለዋለች። ወዲያው እንድትጥል ከፈለጋችሁ ኤስኤስኤች-አድ ሰረዝ ትልቁ ዲ። የዩኒቨርሲቲ ላብ ውስጥ፣ የጋራ ኮምፒውተር ላይ የምትሠሩ ተማሪዎች፣ ይህችን ሳትመቱ ከወንበሩ አትነሱ።

ኤጀንት ፎርዋርዲንግ የሚባል ነገርም አለ። ጸሐፊያችሁን ሩቅ ካለ ሰርቨር ሆናችሁ እንድታዝዟት ያደርጋል። ምቹ ነው፤ ግን የዚያ ሰርቨር አስተዳዳሪ፣ ወይም ሰርቨሩን የሰበረ ሌባ፣ እናንተ እስካላችሁ ድረስ በስማችሁ ያሳትማል። በሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. ማትሪክስ የሚባለው የመልእክት መረብ ዋና ሰርቨሮች ሲሰበሩ ሌባው የተጠቀመባት አንዷ መንገድ ይህች ነበረች። በሰርቨር በኩል አልፋችሁ ወደ ሌላ መሄድ ከፈለጋችሁ ፕሮክሲ ጀምፕ የሚባለው የኤስኤስኤች አማራጭ ይሻላል፤ ፊርማው እዚሁ ላፕቶፓችሁ ላይ ይቀራል።

ያን ቀን ልጅቷ ኮንፊጓን ጽፋ ጨርሳ ገና ፑሽ ሳትል መብራት ሄደ። እሷ የምትሠራው ባትሪ በሌለው ዴስክቶፕ ላይ ነው፤ ማሽኗ ጭልም አለ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ መብራት መጣ። ራም ላይ የነበረው ሁሉ ጠፍቷል፤ ጸሐፊዋም እጇ ባዶ ነው። ጊት ፑሽ አለች፤ ጠየቃት። ጻፈች። ከዚያ ፑል አለች፣ ደግማ ፑሽ አለች፣ ሌላ ተርሚናል ከፍታ ፌች አለች። ዝም። ኤስኤስኤች-አድ ሰረዝ ኤል ብላ ቁልፏ እዚያ መኖሩን በዓይኗ አየች። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቦርሳዋን ስታነሳ ጠየቅኳት። ከዚያች አንዴ ወዲህ አልጠየቃትም።